የተለዋወጡት ጥራዞች

አለነን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ብዬ ላስተዋውቀው፦ አንድ ነገር ጠይቃችሁት መልሱን እስኪሰጣችሁ ድረስ ጥያቄውን ራሳችሁ ትረሱታላችሁ። የአክስቴ የጽጌማርያም አንድ ልጅ ነው። ላሊበላ ውስጥ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የብራና መጻሕፍት ይጠርዛል። የየአጥቢያው ካህናት የእንጨት ሽፋኑ የተሰነጠቀ፣ ክሩ የተበጠሰ፣ አይጥ የቀመሰው መጽሐፍ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱ ቅጠል በቅጠል ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ሰፍቶ ይመልስላቸዋል። ጎብኚዎች በሩ ላይ ቆመው ፎቶ ሲያነሱት ቀና ብሎ አያያቸውም። ኩራት የሚመስላቸው አሉ። መምጣታቸውን ስለማያውቅ ነው።

እኔ ቃለሕይወት እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እናቶቻችን እኅትማማቾች ስለሆኑ አብረን አድገናል፤ እሱ ዝም እያለ፣ እኔ እያወራሁ። በቤተሰቡ ምላሰኛ የምባለው እኔ ነኝ፤ ስሙንም አልጠላውም። ምጥ የያዛት ሴት ዝምተኛ አዋላጅ ምን ይሠራላታል? ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ በእጄ የተቀበልኳቸውን ሕፃናት መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም። ልደትን አውቀዋለሁ ብዬ የማስብ ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። አላውቀውም ነበር። ያስተማረኝ ይኼው ዝምተኛ ነው።

ፋናን ያገባት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ለብራና የሚሆን የፍየል ሌጦ ሊገዛ ፍላቂት ገበያ ሄዶ፣ አንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ሌጦውን ሲያገላብጥ፣ የሽማግሌው ልጅ ከጎን ሆና "እሱን ተወው፤ መዥገር የበላው ቦታ አለበት፤ ስትወጥረው ይቀደድብሃል" አለችው። የገዛ አባቷን ገበያ መዝጋቷ ነው። አባትየው ተቆጡ። አለነ ሌጦውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቢያየው እውነትም የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለችበት። "እንዴት አየሽው?" ሲላት "አንተስ ዓይን የለህም እንዴ?" አለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ተመልሶ ሄደ፤ የሄደው ለሌጦ አልነበረም። በዓመቱ በሰማንያ ተጋቡ፤ ልጅ ሲወለድ እንቆርባለን ተባባሉ።

የመጀመሪያው እርግዝና በሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀኑ ወረደ። "ይደርሳል" አልኳት፤ ለብዙ ሴት ይደርሳልና አልዋሸኋትም። ሁለተኛው በሦስተኛ ወሩ ሄደ። ሦስተኛው ለእኔ እንኳ ገና ሳትነግረኝ። አራተኛው አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ስለዚያኛው ብዙ አልጽፍም። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ለአለነ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አምስተኛው ሲወርድ ፋና አላለቀሰችም። "ይኸም ሄደ" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያልታየ ነገር የለም። ስኳሩ፣ እንቅርቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ማኅፀኗ በአልትራሳውንድ፣ ሁሉም ታይቶ ደህና ነው ተባለ። ጠበልም ተጠመቀች። በመጨረሻ ካርዷ ላይ "ምክንያቱ ያልታወቀ ተደጋጋሚ የፅንስ መውረድ" ተብሎ ተጻፈ። ይህችን ጽሕፈት እንዴት እንደምጠላት! ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አላውቅም ማለቱ ነው፤ ነውርም የለበትም። ሰፈር ግን አላውቅም ማለት አይችልበትም። ሰፈር ምንጊዜም ያውቃል። የኛም ሰፈር ምክንያቱን ካወቀ ሰንብቷል፤ ምክንያቱ ፋና ናት።

ከሁሉ የባሱት አክስቴ ነበሩ። አክስቴ ጽጌማርያም ክፉ ሴት አይደሉም፤ ለሌላው ሰው ካፋቸው ማር ነው የሚወጣው። ፅንሱ በወረደ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ "ምን ሠርተሽ ነው? የትኛውን በዓል ሽረሽ ነው?" በኛ አገር የወሩ በዓላት ብዙ ናቸው፤ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ በዓለ ወልድ። በነዚያ ቀናት አይታረስም፣ አይታረምም፣ አይፈጭም። በዓል የሻረች ነፍሰ ጡር ደግሞ ፅንሷ ላይ ይመጣባታል ይባላል። ፋና በአራተኛው እርግዝና በማርያም ቀን መርፌ ላይ ክር ማስገባት ተወች። በአምስተኛው በበዓል ቀን ብርድ ልብሷን ለማጠፍ ትፈራ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ከአክስቴ ጋር ተጣልቻለሁ። ሁለቴም ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ናቸውና። ሁለቴም ግን ከልቤ አልነበረም።

ከአምስተኛው በኋላ ፋና ራሷ ቆረጠች። ታላቁ አጎታችን ጋሽ አረጋ ዘንድ ሄዳ "ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ በኔ ምክንያት ዘሩ አይቅር፤ ይፍቱኝና ሌላ አግብቶ ይውለድ" አለቻቸው። ጋሽ አረጋም የዳግማ ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌ ተቀምጦ በሰላም እንዲለያዩ ቀን ቆረጡ። አለነ ይህን ሲሰማ እሺም እምቢም አላለም። መጽሐፉን ይሰፋል! ያን ቀን ድንጋይ ብወረውርበት ኖሮ የሚወጣልኝ ይመስለኛል። "ሚስትህ ልትሄድ ነው፤ አፍ የለህም?" አልኩት። ክሩን በሰም እያሸ ብዙ ቆየና "ምን ልበላት? የምትሄደው ለኔ ብላ ነው" አለኝ።

በዚያው ሰሞን፣ በየካቲት፣ ዶክተር ዳግማዊት የምትባል የማኅፀን ሐኪም ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። ቀጭን ናት፤ ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ነው። የፋናን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሁለቱንም አስጠራቻቸውና "ከሁለታችሁም ደም እፈልጋለሁ" አለች።

"ከኔም?" አለ አለነ። ከፈጣኖቹ መልሶቹ አንዱ ነው።

"የፅንሱ ግማሽ ከማን መጥቶ ነበር?"

በስድስት ዓመት ውስጥ ከአለነ ደም የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እኔ አዋላጇ፣ እኔ የተማርኩት፣ እኔ አፈኛዋ። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ደሙ በማግስቱ ጠዋት በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። ሁለቱም አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ ፋና "ደማችን ቀደመን" ብላ ሳቀች፤ ከወራት በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነበር።

ውጤቱ የመጣው በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ነው። ሽማግሌ ሊቀመጥ አራት ቀን ቀርቶታል። ፋና "አንችም ግቢ" አለችኝና ሦስታችን ዶክተሯ ፊት ተቀመጥን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። በየወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያላቸው ትንንሽ በትሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከረጅም እስከ አጭር በተርታ ተሰልፈዋል።

"ክሮሞዞም ይባላሉ" አለች ዶክተሯ። "ሰው የሚሠራበት መመሪያ ያለው እነሱ ላይ ነው፤ የዓይኑ ቀለም፣ የልቡ ቅርጽ፣ የጣቶቹ ቁጥር። አርባ ስድስት ናቸው። ሃያ ሦስቱን ከእናታችን፣ ሃያ ሦስቱን ከአባታችን እንወስዳለን። እነዚህ ከደማችሁ ወጥተው በብዙ እጥፍ ጎልተው ነው ፎቶ የተነሡት።"

ይህን እኔ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ሸምድጄ ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ግን የማውቀው ሰው ደም ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ፋና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። "እነዚህ የኔ ናቸው?"

"ያንቺ ናቸው።"

ጣቷን የመጀመሪያው ጥንድ ላይ አደረገች። "ይኸ ደህና ነው?" "ደህና ነው።" "ይኸስ?" "እሱም።" እንዲህ እያለች እስከ ሃያ ሦስተኛው ደረሰች። ዶክተሯ አንዱንም ሳትዘል፣ ሳትቸኩል መለሰችላት። ሲያልቅ ፋና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ገላዋን እንደ ጥፋተኛ ስትጠረጥረው የኖረች ሴት ናት። ከጥንዶቹ አንዱም እንዳልከሰሳት ስታይ ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር በቃል ልናገረው አልችልም፤ አየሁት እንጂ።

ከዚያ የአለነ ወረቀት ተሳበ። ዶክተሯ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለት ቦታ አሳየች። "አራተኛውን ጥንድ እየው፤ አንደኛው ከጓደኛው ያጥራል። አሥራ አንደኛውን ደግሞ እየው፤ አንደኛው ከጓደኛው ይረዝማል። ከአራተኛው ጫፉ ተቆርጦ አሥራ አንደኛው ላይ ገብቷል፤ ከአሥራ አንደኛውም ትንሽ ቁራጭ ወደ አራተኛው መጥቷል። ተለዋውጠዋል። የጠፋ ነገር የለም፤ የተጨመረም የለም፤ ስለዚህ አንተ ሙሉ ጤነኛ ነህ። ችግሩ ለልጅ ስታካፍል ነው፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው የምትሰጠው…"

ፋና ግራ ገባት። ዶክተሯ ወረቀት ስባ ልትሥል ስትል አለነ እጁን አነሣ። እኛም ጠበቅን፤ እሱን መጠበቅ ለምደናል።

"እኔ ይህን አውቀዋለሁ" አለ። "እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።"

የዚያን ቀን የተናገረውን ያህል በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ ገና የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ደቀ መዝሙር ሳለ፣ ከአንድ ደብር ሁለት መጻሕፍት አብረው ለጥረዛ መጡ። ቁመታቸው እኩል፣ የጸሐፊው እጅ አንድ፣ ብራናው ከአንድ መንጋ የተገኘ የሚመስል። ሁለቱንም ባንድ ቀን ፈታቸውና ጥራዝ ጥራዙን ደረደረ። ጥራዝ ማለት አንድ ላይ ታጥፈው የሚሰፉ ቅጠሎች ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ነው። መልሶ ሲሰፋ ከአንደኛው መጽሐፍ አንድ ባለ ስምንት ቅጠል ጥራዝ ወደ ሌላው ገባ፤ ከሌላው ደግሞ አንድ ባለ ስድስት ወደዚህኛው መጣ። መሪጌታ አላዩትም። ሁለቱም መጻሕፍት አምረው፣ ጠብቀው ተመለሱ።

"ሦስት ዓመት ማንም ምንም አላለም" አለ አለነ። "የደብሩ አንባቢዎች ከዚህኛው ሲቋረጥባቸው ከዚያኛው ፈልገው ያነቡ ነበር። ሁለቱም አንድ ዕቃ ቤት ናቸው፤ የጎደለ የለም። በኋላ አንዱን ብቻ ለሌላ ደብር ለንግሥ አዋሱት። የነፍስ አባታችን መምሬ ደባሱ ቆመው ሲያነቡ፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ መካከል ላይ የማያውቁት ነገር መጣባቸው። ስምንት ቅጠል የለም፤ በቦታው የማይገባ ስድስት ቅጠል አለ። ንባቡ እዚያው ቆመ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አለነ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ቀጠለ፤ "ሁለቱ የተለዋወጡት አብረው ወደ ልጁ ከሄዱ፣ ልጁ እንደኔ ነው፤ ይኖራል። ሁለቱ ያልተነኩት አብረው ከሄዱም ይኖራል። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ከሄደ ግን…" አልጨረሰውም። ወደ ፋና ዞረ። "ንባቡ የሚቆመው አንች ላይ ነው፤ የጠረዝኩት ግን እኔ ነኝ።"

"አንተ አልጠረዝከውም" አለች ዶክተር ዳግማዊት ቀስ ብላ። "ከተፀነስክ ጀምሮ እንዲህ ነህ፤ ምናልባትም ከወላጆችህ የመጣ ነው። የማንም ጥፋት የለበትም። ይህን ግን ስንት ዓመት ለስንቱ ባልና ሚስት ሳስረዳ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም።"

ፋና ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ "ታዲያ ሰው እንዴት ይወለዳል?" አለች። ቅሬታ አልነበረበትም። እውነት ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ዶክተሯም እንደዚያው መለሰችላት። ምንም መለዋወጥ የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ብዙ ፅንስ ገና እናትየዋ ሳታውቀው ከጅምሩ እንደሚቀርባቸው ነገረችን፤ ያ ሁሉ ጽሑፍ ሲገለበጥና ሲካፈል አንዳንድ ጊዜ እንደሚሳሳት፣ ሰውነትም ብዙውን ጊዜ ስሕተቱን ለይቶ እንደሚያቆመው። "እዚህ የተቀመጥነው አራታችንም ያን ሁሉ አልፈን የመጣን ነን" አለች። ስለ እነሱ ደግሞ፦ እንዲህ ያሉ ብዙ ባልና ሚስት በስተመጨረሻ ጤነኛ ልጅ እንደሚወልዱ፣ እነሱ ግን መቼ እንደሚወልዱ፣ ይወልዱም እንደሆነ እንደማታውቅ።

"አላውቅም የሚለው ቃል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም" አለች ፋና።

ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ ስንሄድ እኔ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። ባጃጅ ነጂው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ሁለት ዲያቆናት እየተገፋፉ ይሥቃሉ፣ አንዲት ሴትዮ በሽንኩርት ትከራከራለች። እያንዳንዳቸው አርባ ስድስቱን ይዘው፣ ቅጠላቸው ሳይጎድል፣ ንባባቸው ሳይቆም እዚህ ደርሰዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሕፃን በእጄ ስቀበል ያየሁት የመንገዱን ጫፍ ብቻ ነበር። ፈጣሪ ሆይ፣ ምን ያህል ነገር ሳላውቅ ኖሬ ነው እያልኩ እሄዳለሁ፤ ዕንባዬም ይወርዳል፤ አላፈርኩም።

ፋና ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ ቆመችና ባሏን እጁን ያዘችው። "ለማንም አትንገር" አለችው። "እሑድ የሚሉትን ይበሉ፤ በኔ ይለፍ። እኔ ለምጀዋለሁ። ወንዱ ነው ከተባለ አንተን ሰፈር አያስቀምጥህም፤ መጽሐፍም የሚያመጣልህ አይኖር። እኔ አውቄዋለሁ፤ ለኔ ይበቃኛል።"

አለነ አልመለሰላትም። እሱ ዝም ሲል እሺ ይሁን እምቢ ማን ያውቃል? አራቱን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም ካለ ፋና እሑድ ትሄዳለች፤ ያውም ንጹሕ መሆኗን እያወቀች፣ በሱ ፈንታ ስሟ ጠፍቶ።

እሑድ አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። እኔ አልተጠራሁም፤ መጣሁ። መምሬ ደባሱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ጋሽ አረጋ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። አክስቴ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተሸፋፍነው ጥግ ይዘዋል። ፋና በሩ አጠገብ፣ አንገቷን ደፍታ። ጋሽ አረጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። "እንግዲህ ልጂቱ በመልካም ነው የመጣችው፣ በመልካም እንሸኛታለን። እግዜር ማኅፀኗን ዘጋ፤ እኛ ምን እናድርግ…"

"ጋሼ፣ ይቆዩኝ" አለ አለነና ተነሣ።

ከጋቢው ሥር ወረቀቱን አውጥቶ መካከል ላይ፣ ሁሉም እንዲያየው፣ መሬት ላይ ዘረጋው። "ማኅፀኗ አልተዘጋም። ፅንሶቹ የቀሩት ከኔ በሄደው ነው። ይኸው የኔ ደም፤ ይኸውና ይኸው ተለዋውጠዋል። እሷ ላይ ምንም የለም፤ አንድም። ሌላ ባገባም ያው ነው። መሄድ ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም። እኔ ግን እንዳትሄድብኝ እለምናታለሁ፤ በናንተ ፊት።" ተንበርክኮ ጥራዞቹን ጨምሮ ሁሉንም ነገራቸው።

"አበስ ገበርኩ!" አሉ ጋሽ አረጋ። "ሚስትህን ልታድን ብለህ ራስህን ታዋርዳለህ? የከተማ ወረቀት አምጥተህ!"

መምሬ ደባሱ ግን መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። እጃቸውን ለጋሽ አረጋ ዘርግተው ዝም አሰኟቸው። "ያኔ ንባቡ የቆመብኝ እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን ያየ ሰው ምንም ጉድለት አያይበትም፤ እንዲያው ያምር ነበር።" ከዚያ ቀና ብለው አለነን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ አንድ ሰው ሲፈጠር ያዩ ይመስል። "ሁሉን የሠራ ይመስገን። አንተ ራስህ እንዴት ደረስክ፣ ልጄ?"

"ቃለሕይወት" የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። አክስቴ ናቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ወርዷል። "አንች ተምረሻል። ይኸ ነገር ከመቸ ጀምሮ ነው ያለበት?"

"ከተፀነሰ ጀምሮ፣ አክስቴ።"

"ከማን መጣበት?"

ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደኝ። "አንዳንዴ በራሱ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ካባት ወይም ከናት ነው።"

አክስቴ ብዙ ዝም አሉ፤ ልጃቸው ከማን እንደወሰደው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዝምታውን ማለቴ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን መሬቱ ላይ እንደተከሉ ተናገሩ። "ከአለነ በፊት አራት ነበሩ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለቱን ያውቅ ነበር። እናትሽ፣ እኅቴ፣ አንዱንም አታውቅም። የመጀመሪያው ጊዜ የሐምሌ ማርያም ዕለት ነው። ገብሱን አረም ሊጨርሰው ሆነ፤ ሰው ሳያየኝ ወርጄ እስከ ቀትር አረምኩ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። እኔ ገደልኩት አልኩ። የቀሩት ሦስቱም በዚያው ኃጢአቴ ሄዱ አልኩ። ፋና ላይ ሲመጣ ደግሞ… እሷም እንደኔ ሽራ ይሆናል፣ ብትናገር ይቀላት ይሆናል እያልኩ ነበር የምጠይቃት።"

በየወሩ በሃያ አንድ፣ ጉልበታቸው እንዲያ እያመማቸው፣ አሸተን ማርያም ድረስ ዳገቱን የሚወጡት ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኛ ስለት መስሎን ነበር። መውጣት ከጀመሩ ዘንድሮ አርባ ዓመት ሆናቸው።

"እንግዲህ እኔ አልገደልኳቸውም?" አሉኝ።

"አልገደሉም፣ አክስቴ። አንቱ አንዱንም አልገደሉም።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

ወደ መምሬ ደባሱ ዞሩ። "ታዲያ አባቴ፣ አርባ ዓመት የጾምኩት ምን ሆነ?" መምሬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ለነሱ ነዋ፣ ልጄ" አሉ። "እናት ሆነሽ ጾምሽላቸው። እሱ አይጠፋም።" ጋሽ አረጋ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡና ማንንም ሳያዩ ወደ ደጅ ወጡ፤ ሽማግልናውም በዚያው አበቃ።

አክስቴ የቀሚሳቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀጭን ነው፤ የደም ሥሩ ይታያል። ዘርግተው ሰጡኝ። "ቅጅልኝ" አሉኝ። "የኔም ደም ይሂድ። ከኔ እንደሆነ በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ።"

"እዚህ አይቀዳም፣ አክስቴ፤ መርፌም አልያዝኩ፤ ነገ ጠዋት እወስድዎታለሁ" አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ክንዳቸውንም አላጠፉም። ፋና ከበሩ አጠገብ ተነሥታ መጣችና ፊታቸው ተንበረከከች፤ የተዘረጋውን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ "እማማ፣ ስም አውጥተውላቸው ነበር?" አለቻቸው።

አክስቴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ስማቸውን አንድ ባንድ ነገሯት።